የአባቴ ፕሮግራምና የለቅሶ ቤት ውሃ

አባዬ ጡረታ የወጣ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰው፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ኃላፊው ንግግር አደረጉ። «ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያሻገረን ሰው» አሉት። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አባዬ ብቻ የጋቢውን ጠርዝ በጣቱ እየጠቀለለ እግሩ ሥር ያያል። ቤት ስንገባ ጋቢውን አጥፎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና በር አጠገብ የተቀመጡትን ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች እንደ ወትሮው ክዳናቸውን ነካ ነካ አድርጎ አየ። እነዚያን ጀሪካኖች እኛ ቤት ማንም አይነካቸውም። ውሃ ጠፍቶ እናቴ ለወጥ ስትቸገር እንኳ አይነኩም።

«የሥራ ዘመንህን ለምን አትጽፈውም?» አልኩት።

«እኔ ፕሮግራም እንጂ ጽሑፍ መቼ እችላለሁ።»

«እኔ እጽፈዋለኋ።»

ሳቀ። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ካነበቡልኝ ወዲህ ያልጻፍኩት ነገር የለም፤ የጎረቤታችንን ዶሮ ሳይቀር ጽፌያታለሁ። አባዬ ግን እንደ ዶሮዋ አንዴ ቁጭ ብዬ የምጨርሰው አልሆነም። «ጻፊው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን አትጥሪ፤ እኔን ደግሞ አታሳምሪኝ» አለኝ። እሺ ብያለሁ።

ሥራ የጀመረው ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። አያቴ ከሸዋ ተመድበው ሐረር የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጃቸው ታይፕ ስለሚችል አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ከጊዜ በኋላ ለመጋዘኑ ኮምፒዩተር መጣለት። አንድ ብቻ። ክፍል ለብቻው ተሰጠው፣ ጥልፍ ልብስ ተደረበለት፣ በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» ተብሎ ተለጠፈ። አባዬ ሲያወራው «ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ እሱ ይከበር ነበር» ይላል። ማሽኑን ሥራ ላይ እንዲያውሉት የተላኩት ሰው ጋሽ ረምዚ ናቸው። የጀጎል ልጅ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ከሸሚዛቸው ኪስ እርሳስ የማይጠፋ። አባዬን ከታይፑ ላይ አንስተው «ና፣ ይሄን ሥራ ላስተምርህ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

አባዬ ትምህርቱ ከኮምፒዩተሩ የሚጀምር መስሎት ነበር። ጋሽ ረምዚ ግን የተደረበለትን ልብስ እንኳ ሳይገልጡ መጋዘኑ ውስጥ ይዘውት ገቡ፤ ሁለት ባዶ ሣጥን ገልብጠው አንዱ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ዓይነት ፕሮግራም ትፈልጋላችሁ ልበላቸው?» አለ አባዬ።

«እንዳትል። እንደሱ ስትለው ሰው ያማረውን ነው የሚነግርህ። ትናንት ምን ሠራችሁ በላቸው።»

የመጋዘኑን ሠራተኛ ጠየቁት።

«ምን እንሠራለን ጋሼ፣ መድኃኒት ይገባል፣ መድኃኒት ይወጣል» አለ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ትናንትስ?»

«ትናንትማ መብራት ጠፋና ክትባቱን ሥጋ ቤቱ ወስደን አሳደርነው። እነሱ ጄኔሬተር አላቸው።»

ጋሽ ረምዚ ወደ አባዬ ዞሩ። «ሰማህ? ከመጋዘን ወጥቷል፤ ግን አልወጣም። ለእሱ ቦታ ካላበጀህለት ፕሮግራምህ ሲነጋ ይሄን ሰውዬ ሌባ ብሎት ይጠብቀዋል።»

ሁለተኛ ጥያቄ ነበራቸው። «ከሌላው ቀን የማይመስለው ቀን የቱ ነው?» ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ስለ ረመዳን፣ ስለ ጎርፍ፣ የእርዳታ መኪና ሳይታሰብ ስለመጣበት ቀን ማውራት ይጀምራል። አባዬ እንደሚለው፣ ጋሽ ረምዚ እርሳሳቸውን የሚያወጡት ያኔ ብቻ ነበር።

እኔ ከሁሉም የምወደው ካርቶኑን ነው። ፕሮግራሙን ከመሥራታቸው በፊት የብስኩት ካርቶን በምላጭ ይቆርጡና እያንዳንዱ ላይ አንድ የኮምፒዩተር ገጽ በእርሳስ ይስላሉ። ካርቶኑን ሠራተኛው ፊት ያስቀምጡና «በል፣ አሁን መድኃኒት መጣ፤ የቱን ትነካለህ?» ይሉታል። ሰውዬው በጣቱ ሲነካ እሳቸው ቶሎ ብለው ቀጣዩን ካርቶን ይተካሉ። ኮምፒዩተሩ እሳቸው ናቸው ማለት ነው። «አፉን ተወው። ጣቱ የት ጋ እንደሚያመነታ እይ» ይሉታል አባዬን። ጣት ያመነታበት ካርቶን ይቀደዳል፤ ሌላ ይቆረጣል። ሥራው ሲያልቅ «ጨረስኩ» ብለው አያውቁም። «ለዛሬ ይበቃል» ነው የሚሉት፤ ሰዉም ነገ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ አያፍርም።

ከመጋዘኑ በኋላ አባዬ የተማሪዎች ውጤት የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርቷል፤ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ እየዞረ ፍሎፒ ሲያድል ነው ከእናቴ ጋር የተዋወቀው። ስለ ደሞዙ እናቴን ጠይቋት፤ እሷ ስትናገር ይበልጥ ያምራል። ጋሽ ረምዚም ጡረታ ወጡና ጀጎል ቤታቸው ገቡ። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ እኔንም ይወስደኛል። ባለቤታቸው እትዬ ሙና «የኔ ዓይን መጣች» ብለው ተቀብለው ቴሌቪዥኑን ለእኔ ይለቁልኛል። ልጆቻቸው ድሬዳዋ ስለነበሩ ይመስለኛል፣ ቤቱ ውስጥ እንዳሻኝ እንድሆን ይተዉኛል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

ሐረር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። ዛሬ የዚህ ሰፈር፣ ነገ የዚያኛው። ይህን የሚያደርጉት ከተማው ውስጥ ተበታትነው ያሉ ቫልቮች ናቸው፤ መንገዱ ላይ ክብ የብረት ክዳን አላቸው። ክዳኑን አንስቶ በረጅም የብረት ቁልፍ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። የጀጎሉ ሙመዴ ይባላል። የሶፊ ልጅ ነው፤ ጠዋት ከመንደሩ በሚኒባስ መጥቶ ሸዋ በር በሚባለው የጀጎል መግቢያ ይወርዳል፣ ቁልፉን ትከሻው ላይ አጋድሞ በቀጫጭኑ መንገድ ገብቶ ይጠፋል። ሕፃናት «ሙመዴ፣ ዛሬ የማን ነው?» እያሉ ይከተሉታል።

የሙመዴ ሥራ ግን ተራ መጠበቅ ብቻ አልነበረም። ሰው የሞተበት ሰፈር ተራው ባይሆንም ውሃ ይከፈትለታል። ማንም አያዝዘውም። ከመስጊድ ሲነገር ይሰማል ወይም ቤተ ክርስቲያን በኩል ይነግሩታል፤ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ጀናዛው ይታጠብበታል፣ ሰዉ ለሶላት ዉዱ ያደርግበታል፣ ለቀስተኛ ይስተናገድበታል። ተራው የተወሰደበት ሰፈር «ለምን ተቋረጠብን?» ይላል። «ለቅሶ ነው» ይባላል። አለቀ። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማን ይጽፈዋል?

አባዬ ውሃ ወደሚያድለው መሥሪያ ቤት ከተዛወረ ዓመታት በኋላ አዲስ ፕሮጀክት መጣ። የውሃው ተራ በኮምፒዩተር እንዲያዝ፣ ለነዋሪውም በስልኩ መልእክት እንዲደርሰው። የኃላፊው መመሪያ አንድ ቃል ነበር፤ «ዘመናዊ ይሁን።» ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ፕሮጀክቱን እንዲመራ ከአዲስ አበባ ናሆም የሚባል ወጣት መጣ። አባዬ ናሆምን ይወደዋል። ጎበዝ፣ ትሁት፣ ኬክ የሚወድ። «አጃይል» የሚባለውን አሠራር ያመጣው እሱ ነው። ሥራው በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ ቁራጩ «ስፕሪንት» ይባላል፤ መጨረሻው ላይ የተሠራው ለኃላፊዎች ይታያል። ጠዋት ጠዋት ስብሰባ አለ፤ እንዲያጥር ተብሎ ቆመው ነው። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል። የቆሙት ሁሉ ወጣቶች ስለሆኑ እሱ ብቻ ወንበር መሳብ አፈረ።

ግድግዳው ላይ ባለቀለም ወረቀቶች ይለጠፋሉ። በአንድ በኩል ገና የሚሠሩት፣ መሃል ላይ እየተሠሩ ያሉት፣ ዳር ላይ ያለቁት። የሐረር አቧራ ሙጫ አይወድም። ወረቀቶቹ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ጽዳቷ እትዬ አስካለ ለቅማ መልሳ ትለጥፋቸዋለች። የምትለጥፋቸው ቦታ ባለበት በኩል ነው፤ ቦታ ያለው ደግሞ ያለቁት ጋ ነው። አንድ ሰኞ ናሆም ሲገባ ሥራው ሁሉ አልቆ አገኘው።

«ጋሽ ታዴ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርታችኋል እንዴ?»

«እትዬ አስካለን አመስግን» አለ አባዬ። ቀኑን ሙሉ ሲሳቅ ዋለ። ሲያወራልኝ ግን እዚህ ላይ ሳቁ ቶሎ ያልቅበታል።

በየሁለት ሳምንቱ ኃላፊዎቹ አይተው «ቆንጆ ነው፣ ግን» ይላሉ። መልእክቱ በሦስት ቋንቋ ይሁን። ካርታ ይኑረው። ካርታው አረንጓዴ ይሁን፤ አይ ሰማያዊ ይሁን፣ ውሃ ነውና። የትናንቱን ሳይጨርሱ የዛሬው ይመጣል። አባዬ አንድ ሁለቴ «እስቲ ጀጎል ገብተን ከሙመዴ ጋር እንዋል» ብሎ ነበር። ናሆም «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በዚህኛው ስፕሪንት ግን አንደርስም» አለ። በሚቀጥለውም አልደረሱም። ሦስተኛ አልጠየቀም።

አንድ ቅዳሜ ለጋሽ ረምዚ ነገራቸው። እኔም ነበርኩ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጬ ግን እሰማለሁ።

«ይሄማ የእኛው ካርቶን ነው» አሉ ጋሽ ረምዚ። «ትንሽ ሠርቶ ማሳየት፣ ቀድዶ መሥራት። ጥሩ ነገር ነው። ለማን ነው የምታሳዩት?»

«ለኃላፊዎቹ።»

«ጣታቸው ያመነታል?»



ከሚጨመሩት ነገሮች አንዱ ቀይ መብራት ነበር። ቫልቮቹ ላይ ውሃ ማለፉን የሚያውቅ ዕቃ ተገጠመ፤ ከተራ ውጪ አንዱ ከተከፈተ ካርታው ላይ ቀይ ይበራል። ቀዩን የሠራው አባዬ ነው። ሲበራ ብልጭ ድርግም እንዲል ያደረገውም እሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንዲያምር ብሎ። ለእይታ የቀረበ ዕለት ከሁሉም የተጨበጨበለት እሱ ነበር። ያን ቀን ናሆም ሙመዴን አስጠርቶት ነበር። ሙመዴ ቁልፉን ደጅ አቁሞ በሩ ጋ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ አባቴ። አስተያየት አለዎት?» አለው ናሆም።

«ቀዩ ምንድን ነው?»

«ውሃ ከተራ ውጪ ሲከፈት የሚታይበት ነው።»

«ለቅሶ ሲሆንስ?»

ኃላፊዎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ናሆም «በጣም አሪፍ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ስፕሪንት እናየዋለን» ብሎ ቢጫ ወረቀት ላይ «ለቅሶ?» ብሎ ጻፈና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሙመዴ አባዬን አየው። አባዬ ራሱን ነቀነቀለት። «አይዞህ፣ እኔ አለሁ ማለቴ ነበር» ይላል አሁን።

ወረቀቱ ወደቀ። ከሌሎቹ ጋር ተለቀመ። ያለቁት ጋ ተለጠፈ። እኔ ይህን ስሰማ «በእትዬ አስካለ ምክንያት ነዋ!» ብዬ ነበር። አባዬ ተቆጣኝ። «ጽዳቷ ምን አጠፋች? ወረቀቱ ቢወድቅ ጆሮዬ ወድቆ ነበር? ሰምቼዋለሁ። ከሌላው ቀን የማይመስለው ቀን የቱ ነው ብዬ ሳልጠይቀው እሱ ራሱ ነገረኝ። እኔ ግን የጭብጨባው ሙቀት ላይ ነበርኩ።»

ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ፣ ርክክብ ተፈረመ፣ ናሆም ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በመጀመሪያው ሰሞን ሙመዴ ለአንድ ለቅሶ ከፈተ። ካርታው ቀይ በራ። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ለሌላ ለቅሶ ከፈተ። አሁንም በራ። በሦስተኛው ከሥራ እንደሚሰናበት ተነገረው። ሙመዴ ሶፊ ውስጥ ስንት አፍ እንደሚጠብቀው አባዬ ያውቃል። አባዬ ለኃላፊው ነገራቸው። «መመሪያው ላይ ለቅሶ የሚባል ነገር የለም። ሲስተሙን ደግሞ ተረክበናል» አሉት።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እትዬ ሙና ሞቱ። ንጋት ላይ ነው ያረፉት። ሙስሊም ቶሎ ነው የሚቀበረው፤ ጋሽ ረምዚ ደጅ ሰው ሲሞላ ቧንቧው ደረቅ ነበር። የሰፈሩ ተራ ገና ነው። አባዬ ሲሰማ ሸዋ በር አካባቢ ከሚያውቃቸው ሱቆች ሁለት ጀሪካን ተውሶ ሞላ፤ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ያንን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ገባ። እስኪደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ያለውን በባልዲም በድስትም አምጥቶ እትዬ ሙና ታጥበው ነበር። አባዬ ጀሪካኖቹን ይዞ ግቢው መሃል ቆሞ ቀረ። የት እንደሚያስቀምጣቸው ማንም አልነገረውም።

«ጋሽ ረምዚ፣ ውሃው…» አለ።

«ደርሷል፤ አልሐምዱሊላህ። ቁጭ በል ታደለ።»

ስለ ውሃው የተናገሩት ከቀናት በኋላ ነው። ለቀስተኛው ሳስቷል፤ አባዬ አጠገባቸው፣ እኔ በሩ ጋ። የእትዬ ሙና ቴሌቪዥን ጨርቅ ተጥሎበታል።

«ያን ቀን ሙመዴ ደጄ መጥቶ ነበር» አሉ። «ቁልፉ እጁ ላይ ነው። 'ጋሽ ረምዚ፣ ልክፈት?' አለኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሲከፍት ማንንም ጠይቆ አያውቅም።»

«ምን አሉት?»

«አትክፈት አልኩት። የልጆችህ እንጀራ ነው አልኩት። ቆሞ አለቀሰ ወላሂ። ሙና ውሃ አላጣችም፤ ጎረቤት አላት። እሱ ግን ከእጁ አንድ ነገር ወሰድንበት።»

«ወሰድንበት» ነው ያሉት። አባዬ ይህን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። «ወሰድክበት ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርታው ላይ ሙመዴ ራሱ «ለቅሶ ነው» ብሎ የሚነካት አንዲት ቦታ፤ ተነክታ ከሆነ ቀዩ አይበራም። ካርቶን ቆርጦ ሠራት። ከሙመዴ ጋር ሸዋ በር ሻይ ቤት ተቀምጠው ሞከሯት፤ ጣቱ አላመነታም። ፕሮግራሙን ግን ያለ ፈቃድ መቀየር አይችልም፤ የይለፍ ቃሉ በርክክቡ ጊዜ ወደ ኃላፊው ዞሯል። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ካርቶኑን ይዞ ይገባል። አንዱ «በጀት ሲገኝ» አሉት። አንዱ «ሰው ሁሉ ለቅሶ ነው እያለ ቢያታልለንስ?» አሉት። ወደ መጨረሻ የመጡት ደግሞ በጣም ሰምተውት፣ ሻይ አዝዘውለት፣ «ባክሎግ ውስጥ እናስገባዋለን» አሉት። ባክሎግ ምንድን ነው አልኩት። «ኋላ የሚሠራ ሥራ የሚጠብቅበት ቦታ ነው» አለ። ትንሽ አሰበና «እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ እሷ እዚያው ናት» አለ።

ናሆም አሁንም ለበዓል ይደውላል። አንድ ጊዜ አባዬ ነገረው። «ጋሽ ታዴ፣ እኔኮ ጽፌው ነበር» አለ። «ጽፈኸዋል ልጄ፤ አይቼሃለሁ» አለው አባዬ።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። መጨረሻው አላማረኝምና እርሳሴን እያኘክሁ ተቀምጬ ሳለ የአባዬ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ረምዚ ናቸው። ከእትዬ ሙና ለቅሶ ወዲህ እሳቸው ሰፈር ሰው ሲሞት ይደውላሉ፤ የሟቹን ስም ይናገራሉ፣ ይዘጋሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩም። አባዬ ተነሳና በር አጠገብ ለዚህ ብሎ ሞልቶ ከሚያስቀምጣቸው ጀሪካኖች አንዱን አነሳ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ሁለተኛውን እኔ» አልኩ።

«ከባድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

በሸዋ በር ገባን። ገበያው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ የሚኒባስ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ማንም አላየንም። ቀጭኑን መንገድ ስንይዝ ከፊታችን አንድ ሰው ጀሪካን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ወገቡ ጎንበስ ብሏል። ስንደርስበት ዞረ፤ ሙመዴ ነው። በአንድ ትከሻው ጀሪካን፣ በሌላው ያ ረጅም ቁልፍ በገመድ ተንጠልጥሎ።

«ታዴ! ጡረታ ወጣህ አሉ። እንኳን ደስ አለህ።»

«አመሰግናለሁ። አንተስ?»

«እኔማ ገና ነኝ፤ ኢንሻአላህ።» እኔን አየኝ። «ይቺ ናት የምትጽፈው?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ምን አሸከማት?»

ሦስታችንም ተከታትለን ሄድን። መንገዱ መሃል የቫልቩ ክዳን አለ። አባዬ ሳይረግጠው ዞሮ አለፈ። እኔ ጀሪካኔን ለማሳረፍ እዚያው አጠገብ ቆም አልኩ፤ ከብረቱ ሥር ውሃው ሲሄድ ይሰማል። ወደ ለቅሶው ሳይሆን ተራው ወደ ደረሰው ሰፈር ነበር የሚሄደው። ሙመዴም ቆሞ ሰማው፤ ቁልፉን ከትከሻው ሳያወርድ። ከዚያ የእኔንም ጀሪካን በነፃ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ለቅሶው ቤት ቀደመን።